ጠይቁን፦ «አንድ ጥይት ያልተኮሰ ሰው በጦርነት ይጠየቃል?»

ጥያቄ 1፦ ሰላም ለናንተ ይሁን ጠይቁኖች። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከተኮራረፍን ሰነበትን፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ እሱ አዲስ አበባ። ጭቅጭቁ የተነሳው ስለ ሰሜኑ ጦርነት ስናወራ ነው። እሱ «የጀመሩት መሪዎች፣ ፕሪቶሪያ ሄደው የፈረሙትም መሪዎች፣ መቼ አማከሩን፣ ሕዝብ ምን ያርግ?» ይላል። እኔ ደግሞ እሺ መሪዎቹስ ይሁን፣ ግን በየላይቩ «ጨርሷቸው» ሲል የነበረውስ፣ ሼር ሲያደርግ ያደረውስ፣ ጎረቤቱን በስሙ ምክንያት ሲያፍሱት መጋረጃ የዘጋውስ አልኩት። «አንቺ እዛ ቁጭ ብለሽ ለኛ ሕሊና ልትሰፍሪልን ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። እውነት ማናችን ነን ትክክል? ጥፋቱ የመሪ ነው ወይስ የሕዝብ?
ሰ. ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን ሰ.፣ ወንድምሽ የያዘው ነገር ቀላል አይደለም። ጦር የሚያዘምተው፣ በጀት የሚመድበው፣ ስልክና መንገድ የሚዘጋው መሪ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ቢጮህም ባይጮህም ታንክ አያስነሳም። ግን ሁለታችሁም ጥፋትን እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው ያያችሁት፣ መሪው ብዙ መደብ ከወሰደ ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል እንደማለት። እንደዛ አይደለም። የመሪው ጥፋት መግዘፉ የሌላውን አያሳንሰውም፣ የሌላው መኖርም መሪውን አያቀልለትም። ሁሉም በየራሱ በሚያውቀውና በሚችለው ልክ ነው የሚጠየቀው።

ከኛ ጉዳይ ራቅ አድርጌ ባሳይሽ ይሻላል፣ የኛው ገና ትኩስ ነው፣ አንድ ስም ከጠራሁ ግማሹ አንባቢ ጥሎኝ ይሄዳል። ሩዋንዳን እንይ (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1994 ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ ወደ 800 ሺህ የሚገመት ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ቱትሲ የሚባለው ብሔረሰብ ሰው ነው። ከላይ ብንጀምር ያኔ ጊዜያዊው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዣን ካምባንዳ አሩሻ በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ በ1998 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በኋላ ይግባኝ ላይ ቃሉን ሊያጥፍ ሞክሮ ነበር፣ አልተሳካለትም። ይሄኛው ብዙ አያከራክርም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከሱ በታች ያለው ነው። ዣን ፖል አካየሱ የሚባል፣ አስተማሪ የነበረ፣ ታባ የምትባል ወረዳ ከንቲባ ነበር። እና ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ላይ ግድያው ወረዳው እንዳይገባ ሲከላከል ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይሄን መዝግቦለታል። ኤፕሪል 18 ላይ ከጊዜያዊው መንግሥት ሰዎች ጋር ስብሰባ ተደረገ፣ ከዛ ስብሰባ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ሲከሰስ «አቅም አልነበረኝም» አለ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፣ በሴፕቴምበር 1998 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፣ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደረጃ የመጀመሪያው ማለት ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው መሪ ነው ሕዝብ? ለታባ ሰው መሪ ነው፣ ከላይ ላሉት ደግሞ ታዛዥ። የወንድምሽ አከፋፈል እዚህ ጋ ይበላሻል፣ ምክንያቱም የኛም አገር ቢሆን ወረዳውና ቀበሌው ሁሉ በእንደዚህ አይነት ሰው ነው የተሞላው።

አሁን ወደ ላይቩ ልምጣልሽ። አርቲኤልኤም የሚባል ሬዲዮ ነበራቸው፣ ሙዚቃው አሪፍ፣ ቀልዱ የሚያስቅ፣ ወጣቱ የሚወደው፣ በቀልዱ መሀል ግን ቱትሲውን በረሮ እያለ የሰው ስምና የተደበቀበትን ቦታ ይጠራ ነበር። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ጆርጅ ሩጂዩ ቤልጅየማዊ ነበር፣ ሩዋንዳዊ እንኳን አይደለም፣ ካውሮፓ የሄደ ሰው ነው። ገጀራ አልያዘም፣ ማይክ ነው የያዘው። በ2000 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 12 ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ «እኔ እኮ ዝም ብዬ አወራሁ እንጂ ምን አደረግኩ» የሚል ሰው ካለ ይሄ ክርክር ድሮ ተሞክሮ ወድቋል። በእርግጥ በንዴት አንድ መጥፎ ኮሜንት የጻፈና መቶ ሺህ ሰው እያዳመጠው አድራሻ የሚጠራ አንድ አይደሉም፣ ሕጉም እኩል አያያቸውም።

ተራው ገዳይና ዘራፊስ? ለነሱ ጋቻቻ የሚባል የሰፈር ሸንጎ አቋቋሙ፣ ወደ 12 ሺህ የሚሆኑ ሸንጎዎች፣ በ2012 እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ጉዳይ አዩ። የመራውና ያደራጀው ለብቻ፣ የገደለው ለብቻ፣ በር ገንጥሎ ላም የነዳው ወይ ቆርቆሮ የወሰደው ለብቻ፣ የዘረፈውን እስር ቤት ሳያስገቡ ካሳ ክፈል ይሉት ነበር። እንከን ነበረበት፣ ጠበቃ የለም፣ ጦርነቱን አሸንፎ ሥልጣን የያዘው የአማፂው ወገን ወታደሮች የሠሩትን ደግሞ አያይም፣ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው ለኔ። ግን ሕዝብ የሚባለውን ጅምላ ስም በትኖ እያንዳንዱን «አንተ ምን አደረግክ?» ብሎ መጠየቁን እወድለታለሁ።

መጋረጃ የዘጋውን ግን ጋቻቻም አልከሰሰውም። እኔም ልጆቹን ፈርቶ ዝም ባለ ሰው ላይ አልፈርድም። እዛው ሩዋንዳ ዙራ ካሩሂምቢ የምትባል የሩሃንጎ ባላገር አሮጊት ነበረች፣ ሰፈሩ ጠንቋይ ናት ብሎ የሚፈራት። ከመቶ በላይ ሰው ጎጆዋ ውስጥ ደበቀች፣ ገዳዮቹ ሲመጡ አምባሯን እያንኳኳች ብትገቡ መንፈሱ ይጨርሳችኋል አለቻቸው፣ እነሱም ፈርተው ሄዱ። መሣሪያ የላት ሥልጣን የላት። ሁሉም ሰው ዙራ ይሁን ማለቴ አይደለም፣ ጀግንነት ግዴታ አይደለም። ግን ፈርቶ ዝም ማለትና ሆዱ ደስ ብሎት ዝም ማለት ይለያያሉ፣ የትኛው እንደነበረ ባለቤቱ ያውቀዋል።

እና አንቺም አንድ ነገር ልቀቂለት፣ «እዛ ቁጭ ብለሽ» ያለሽን። አዲስ አበባ ያለው ሰው በዛ ሰሞን ዝም ያለበት ምክንያት አለው፣ ሊታሰር ይችላል፣ ልጁም ሊዘምት ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሰው ግን ማን ያስፈራዋል? ጥይቱ አይደርስበት ቀበሌው አይጠራው፣ እንዲህ ሆኖ «ጨርሷቸው» ያለ ዳያስፖራ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በኔ ሚዛን ፈርቶ ካጨበጨበው የአዲስ አበባ ሰው ይብሳል።

ጥያቄ 2፦ ወታደር ነበርኩ አሁን ጥበቃ ነው የምሠራው። ሰው ሲያወራ «ትእዛዝ ነው» ማለት ፍርድ ቤት ያስጥላል ይላሉ፣ ሌላው አያስጥልም ይላል። የቱ ነው?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ባጭሩ አያስጥልም። ያዘዘህ ይጠየቃል፣ ግን የታዘዝከው ነገር ወንጀል እንደሆነ እያወቅክ ከፈጸምከው አንተም ትጠየቃለህ፣ የኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይሄን ይላል። ትእዛዝ መሆኑ ቅጣት ሊያቀልልህ ይችላል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የቀይ ሽብር ክስም ሲከፈት ተከሳሾቹን በሦስት ነው የመደቧቸው፣ ፖሊሲ ያወጡት እነ መንግሥቱ ኃይለማርያም፣ መሀል ላይ ሆነው ያስተላለፉት፣ እና በእጃቸው የፈጸሙት፣ ባለሥልጣኑ ብቻ ሳይሆን የቀበሌው አብዮት ጥበቃም ተከሷል። መንግሥቱ በሌለበት በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሞት ተፈረደበት፣ ሰውየው ግን ዚምባብዌ ነው።

ወታደር ስለሆንክ አንድ ልንገርህ። ማርች 16፣ 1968 እ.ኤ.አ. ቬትናም ውስጥ ማይ ላይ በተባለ መንደር የአሜሪካ ወታደሮች ሴትና ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ሲፈጁ ሂው ቶምሰን የሚባል የራሳቸው የሄሊኮፕተር አብራሪ ከላይ አይቶ፣ በወታደሮቹና በሚሸሹት ሰዎች መሀል አረፈ፣ ለጓዶቹም ወታደሮቹ እነዚህ ሰዎች ላይ ቢተኩሱ እናንተ ተኩሱባቸው ብሎ ወረደ። የተወሰኑትን አውጥቶ አዳነ። መንደሩ ውስጥ የነበረው መቶ አለቃ ካሊ ሲከሰስ «ትእዛዝ ነው» አለ፣ በ1971 ቢያንስ 22 ሰው ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሚያናድደው ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ብዙ የአሜሪካ ሕዝብ ለካሊ አዘነ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ከእስር ቤት ወጥቶ ቤቱ እንዲጠበቅ አደረገ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ተፈታ። ቶምሰን ደግሞ እንደ ከሃዲ ታየ፣ ሜዳሊያውን ያገኘው በ1998 ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ትእዛዝ መጥፎ መሆኑን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፣ ዋጋው ግን እንዲህ ነው፣ አልዋሽህም።

ጥያቄ 3፦ ግብር ከፋይ ነጋዴ ነኝ። ጥይቱ በኔ ብር ከተገዛ እኔም አለሁበት ማለት ነው?

መልስ፦ የለህበትም፣ ግብር ተገደህ ነው የምትከፍለው። ወደህና ፈቅደህ ያዋጣኸው ከሆነ፣ ለምን እንደሚውልም እያወቅክ ከሆነ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ጥፋተኛ አለመሆንና አለመክፈል አንድ አይደሉም። ምዕራብ ጀርመን በ1952 እ.ኤ.አ. ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ካሳ ለመክፈል ስትፈርም ብሩ የወጣው ከመንግሥት ካዝና ነው፣ ናዚን ሲቃወም የነበረውም ያኔ ሕፃን የነበረውም አብረው ከፈሉ። እኛም ጋ ሚያዝያ 2016 በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ውስጥ ካሳ አለ፣ ሲከፈል ከአንተ ግብርም ይነካል፣ ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴም ቢሆን ይከፍላል፣ ደስ አይልም ግን መንግሥት ሌላ ኪስ የለውም።