ለስብ ሕዋስ ተመራማሪ ወጣቶች፦ ተቀባዩን ከመክሰሳችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ «ኤልፒኤ (ላይሶፎስፋቲዲክ አሲድ፣ ለሕዋሶች መልእክት የሚያደርስ ቅባት) የስብ ሕዋስ መፈጠርን ያግዳል ይባላል፤ እኔ ጨምሬው ግን ሕዋሶቹ እንደወትሮው ስብ ሞሉ። ተቀባዩ አይሠራም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው፤ በዚህ ሙያ ብዙ ጥሩ ሐሳብ በደንብ ሳይፈተን ተጥሏል።

ልጄ፣ ሕዋሶቹን ለማብሰል ሮሲግሊታዞን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ጨምረሽ ነበር? ኤልፒኤ፣ ኤልፒኤ1 በተባለው ተቀባዩ በኩል፣ ፒፒኤአር ጋማ 2 እንዲቀንስ ያደርጋል፤ የስብ ጂኖችን የሚያስነሣው ይህ የኒውክለስ ተቀባይ ነው። ሮሲግሊታዞን ደግሞ ፒፒኤአር ጋማን በቀጥታ ያነቃዋል፤ ግሊታዞኖች (የሮሲግሊታዞን መድኃኒት ቤተሰብ) እዚያ ላይ እንደሚጣበቁ እ.ኤ.አ. በ1995 ታውቋል። ከላይ የመጣውን እገዳ ከታች ሊሸፍነው ይችላል። እንዲህ ባለ ሙከራ አትጠቀሙበት። ያለሱ የማይበስል ሕዋስ ከሆነ ግን እኔም እጨምረዋለሁ፤ ያኔ መጠኑን ዝቅ አድርጌ፣ ያልተጨመረበት ፕሌት ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

ይበልጥ የምጠረጥረው ሴረሙን፣ ማለትም በሕዋሶቹ ምግብ (ሚዲያ) ላይ የሚጨመረውን ከረጋ ደም የተለየ ፈሳሽ ነው። ደም ሲረጋ አውቶታክሲን የተባለው ኢንዛይም ላይሶፎስፋቲዲልኮሊን ከተባለ የደም ቅባት ኤልፒኤ ይሠራል። 10 በመቶ ሴረም ባለበት ሚዲያ ተቀባዩ አስቀድሞ ነቅቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚበስሉት ስብ ሕዋሶችም ራሳቸው አውቶታክሲን ያመነጫሉ። ስለዚህ ኤልፒኤ ከመጨመር ባሻገር ተቀባዩን ኬአይ16425 በተባለው አጋጅ ዘግታችሁ እዩ። ሴረምን በከሰል ማጣራት ኤልፒኤን የመሰለውን ቅባት ይቀንሳል፤ ሆርሞኖቹንም ይወስዳል፤ ሁለቱንም ሴረም አወዳድሩ። ኤልፒኤ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ፣ የሰባ አሲድ በሌለው 0.1 በመቶ አልቡሚን አሟሙት።

የዛሬ ልጆች ለፎቶው ትቸኩላላችሁ። 3ቲ3-ኤል1 የተባሉት የአይጥ ቅድመ ስብ ሕዋሶች ፕሌቱን ከሞሉ በኋላ 2 ቀን መቆየት አለባቸው። ከዚያ የሚያበስላቸው ቅይጥ፦ 0.5 ሚሊሞላር አይቢኤምኤክስ፣ 1 ማይክሮሞላር ዴክሳሜታዞንና 10 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ኢንሱሊን ለ2 ቀን፤ ቀጥሎ ኢንሱሊን ብቻ ለ2 ቀን፤ ከዚያ ተራ ሚዲያ። ስቡ ከ8ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ በደንብ ይታያል። ከሙከራው በፊት ሕዋሶቹን ለማባዛት ስታሳድጉ ግን ፕሌቱ ሞልቶ እንዲያድር አትፍቀዱ፤ የመብሰል ችሎታቸውን ያጣሉ። ኤልፒኤን በ6ኛው ቀን የሚጨምር ሰው ዘግይቷል፤ ተቀባዩ በብዛት ያለው ገና ባልበሰለው ሕዋስ ላይ ነው።

ኦይል ሬድ ኦ በተባለው የስብ ማቅለሚያ ቀብታችሁ፣ ቀለሙን በአይሶፕሮፓኖል አውጥታችሁ 510 ናኖሜትር ላይ ስታነቡ ቁጥሩን የሕዋሱን ብዛት ለሚያሳየው ለዲኤንኤ መጠን አካፍሉት። ኤልፒኤ ቅድመ ስብ ሕዋሶችን ያባዛል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ትንሽ ስብ ይዞም የፕሌቱ ድምር እኩል ሊወጣ ይችላል።