ወንድሜ የተማረ ሰው ነው፤ ታዲያ እንዴት አመነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታላቅ ወንድሜ የተማረና አስተዋይ ሰው ነው። በኮቪድ ጊዜ ግን ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ሁሉ ያምን ጀመር። አልኮል ሲጠጡበት ቫይረሱን ይገድላል ይል ነበር። ክትባቱ ዘረመል ይቀይራል ብሎም ሳይከተብ ቀረ። አሁን ደግሞ የልጁን የኩፍኝ ክትባት ሊያስቀር ነው። ስናገረው እንጣላለን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጉዳዩ ከትምህርት ጋር ብዙም አይገናኝም። እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን አንድ ሁለት ወሬ ሳላጣራ ለቤተሰቤ ልኬ፣ በኋላ አፍሬ አጥፍቻለሁ። ሰው ሲጨንቀው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። «ገና እያጠናነው ነው» ከሚል ሐኪም ይልቅ «መድኃኒቱ ይኸውና» የሚል ጎረቤት ይጥመዋል። ያንኑ ወሬ ከአምስት ሰው ከሰማው ደግሞ አምስት ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። አምስቱም ከአንድ ቦታ ቀድተውት ሊሆን ይችላል።

ክፋቱ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ እውነት ጣል ተደርጎበት ነው የሚመጣው። አልኮል እጅ ላይ ቫይረሱን ይገድላል፤ ልክ ነው። ሲጠጣ ግን ሰውነት ውስጥ የገባውን ቫይረስ አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢራን ውስጥ ይህን አምነው ሜታኖል የተባለ መርዛማ የአልኮል ዓይነት ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ወደ መርዛማ አሲድ ይቀየራል፤ ከሞት የተረፈውንም ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል።

እኛ የጤና ባለሙያዎችም ጥፋት አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ማስክ ማድረግ አያስፈልገውም ሲል ቆይቶ፣ በጁን 2020 ሰው በሚበዛበት ቦታ ይደረግ አለ። ምክሩ የተቀየረው ማስረጃው ስለተቀየረ ነው። ይህን በደንብ ስላላስረዳን ግን ብዙ ሰው «እነሱም አያውቁም» ብሎ ተወን።

ስለ ዘረመሉ፦ አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች ኤምአርኤንኤ የሚባል፣ ለሴሎቻችን መመሪያ የሚያደርስ መልእክት ይይዛሉ። ይህ መልእክት ዘረመላችን ያለበት የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ አይገባም። ሥራውን ጨርሶ በአጭር ጊዜ ይበታተናል። የኩፍኙ ክትባት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ የተዳከመ ቫይረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል። አሁን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ባልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። ሁለት ጊዜ የተከተበ ልጅ 97 በመቶ ገደማ ይጠበቃል።

ስለዚህ የኮቪዱን ክርክር ለጊዜው ይተዉት። «ለልጁ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ሳያቋርጡ ያዳምጡት። ምናልባት አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል የያዘው። ከዚያ ልጁን ወደሚያየው ሐኪም አብራችሁ ሂዱ። ልጁ ከባድ አለርጂ ወይም የመከላከል አቅም የሚያዳክም ሕመም ካለበት ከመከተቡ በፊት ይነገር። ታናሹ ፊት «ተሳስቼ ነበር» ማለት ሊከብደው ይችላልና፣ እሱ ሲገባ እርስዎ ውጭ ይጠብቁት።