የሳሎኑ ወለል ለምን እንደዘመመ ሳታውቂ ሲሚንቶ አታስፈስሺ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ያለው ቤታችሁ ሳሎኑ 4 በ4 ነው። ከበሩ ወደ ጓዳው ጥግ 3 ሳንቲ ገደማ ይወርዳል፤ መሃሉ ደግሞ እብጠት አለው። ሴራሚክ ይሁን ፕላስቲክ ምንጣፍ ገና አልወሰናችሁም። ግንበኛው «ላዩ ላይ ስስ ሊሾ ላፍስና በአንድ ቀን ሜዳ ላድርግልሽ» ብሎሻል። ይሁን ወይ ነው ያልሽው።

አብሽሪ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። በ«ስስ» እና በ«አንድ ቀን» ግን አልስማማም። ግንበኛ አይደለሁም። የራሴን ቤት ደሴ፣ የእናቴን ሐይቅ፣ የወንድሜን ኮምቦልቻ፣ ሦስት ወለል ከሠራተኛ ጋር አብሬ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል። የምነግርሽ አብዛኛው ከእሱ የተማርኩት ነው።

የኔ ወለል 2 ሳንቲ ያህል ያዘነበለ ነበር። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ስር ካርቶን አጥፈን እናስገባ ነበር። ልክ እንዳንቺ ግንበኛ ሐሳብ፣ በድሮው ልሙጥ ሊሾ ላይ 1 ሳንቲ የምትሆን ሲሚንቶ ተደረበች። ሁለት ወር አማረች። ከዚያ ስንረግጣት እንደ ባዶ ጀሪካን ትጮህ ጀመር። የአልጋው እግር ያረፈበት ቦታ ተፈረካክሶ እንደ ቂጣ ተነሳ። ስናነሳው ከስር ያለው አሮጌ ሊሾ እንደነበረ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። አዲሱ ጨርሶ አልያዘውም ነበር።

አሁን ወደ ያንቺ ልምጣ። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ ወለሉ ዱሮ ሲፈስ ነው የተዛባው ወይስ አሁንም እየሰመጠ ነው የሚለውን ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ብዙ ቤት ሲሠራ ከላይ በኩል ይቆረጥና አፈሩ ከታች በኩል ይሞላል። የተቆረጠው ጎን ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም። የተሞላው ጎን በደንብ ካልተጠቀጠቀ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ እየጠጣ ዝቅ ይላል። ያንቺ ጓዳ ጥግ በቁልቁለቱ በኩል ከሆነ እሱን ነው የምጠረጥረው። ኮምቦልቻ የወንድሜ ቤት ችግሩ ሌላ ነበር። ከስሩ ጥቁር ዋልካ አለ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም ይዞት ይወጣል፣ ይዞት ይወርዳል።

እንዴት ትለዪዋለሽ? ወለሉ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ወለሉ ከግድግዳው የተለያየበት ቦታ ካለ፣ ጀሶ በጥብጪና ስንጥቁን አሻግረሽ ለጥፊበት። ቀኑን ጻፊበት። ጀሶ አይለጠጥም። ወለሉ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ይሰነጠቃል። ቢያንስ አንድ ክረምት ካለፈው እና ደህና ከሆነ ልብሽ ይረፍ። ከተሰነጠቀ ግን ላዩ ላይ የምታፈሺው ሲሚንቶ ሁሉ ገንዘብ መበተን ነው። መጀመሪያ የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ እዪ። እኛ ጋ አሸንዳው ተበስቶ ውሃው በቀጥታ ጥጉ ስር ነበር የሚገባው። እሱን አስተካክለን፣ ጥጉን ብቻ አፍርሰን፣ አፈሩን እያረጠብን በ15 በ15 ሳንቲ ንብርብር ጠቀጠቅነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ወለሉ የማይነቃነቅ ከሆነ ልኬት ነው የሚቀጥለው። በዓይን አትመኚ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሙይበት፣ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት። ሁለቱ ጫፎች ላይ ውሃው እኩል ስለሚቆም በአራቱም ግድግዳ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ምልክት ማድረግ ትችያለሽ። ምልክቶቹን በሲባጎ አገናኚ። ከዚያ በየ1 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ለኪና ቁጥሩን ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፊ። ትልቁ ቁጥር ጉድጓዱ ነው፣ ትንሹ እብጠቱ። እናቴ ቤት ሁላችንም መሃሉ አብጧል ስንል ነበር። ሲለካ መሃሉ ትክክል ነው፤ ዙሪያው ነው የወረደው። መሃሉን ጠርበነው ቢሆን ኖሮ ደህናውን እናበላሽ ነበር።

እብጠቱ እውነት እብጠት ከሆነ አስጠርቢው። አንድ ሳንቲ ከላዩ ብትቀንሺ በክፍሉ ሁሉ የምትሞይው አንድ ሳንቲ ይቀንስልሻል። ግሪንደር ከሆነ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ልጆቹን ከቤት አውጡ። አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው።

አሮጌ ልሙጥ ሊሾን ማጠብ ብቻ አይበቃም ብለሽ ያዢ፤ መወቀር አለበት። የወፍጮ ድንጋይ እንደሚወቀር፣ በመሮና በመዶሻ በየጣቱ ርቀት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሠራተኛም ይዘለዋል። አጠገቡ ቁጭ በዪ። በመዶሻ እየመታሽ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሁሉ አስነሺ። ጠረጊ፣ እጠቢ፣ ማታውን በውሃ አርሺው። ጠዋት እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከዚያ እንደ አጥሚት የቀጠነ ሲሚንቶ በብሩሽ ቀቢውና ሳይደርቅ ሊሾው ይፍሰስበት። ከደረቀ ግን እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ክፍሉን ሙሉ አትቅቢ፣ ከፊት ከፊት እየቀደማችሁ ሂዱ።

ውፍረቱ የትም ቦታ ከ2.5 ሳንቲ ባይወርድ ጥሩ ነው። ወደ ዜሮ እየሳሳ የሚሄድ ጠርዝ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው። ጥጉን ብቻ የምትሞሉ ከሆነ አዲሱ የሚያልቅበትን መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጠርዙ ጥልቀት ይኑረው።

ሴራሚክ ከመረጣችሁ ሥራው ይቀላል። እኛ አገር ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጠፈው በሲሚንቶና አሸዋ አልጋ ላይ ስለሆነ ትንሹን መዛባት አልጋው ይውጠዋል። ጥጉን ሞልታችሁ፣ እብጠቱን ጠርባችሁ ወደ ሴራሚክ መግባት ትችላላችሁ። ፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ጉድፍ ሁሉ ያሳያል፤ ሙሉ ሊሾ ይፈልጋል። ለሱ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አልሙኒየም በየአቅጣጫው አስተኚበት። ከስሩ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካልታየ ተቀበይው። በራሱ የሚተኛ የሚባለው የፋብሪካ ዱቄት ለጥቂት ሚሊ ነው የሚመቸው፤ ላንቺ 3 ሳንቲ አልመክረውም።

ልኩ 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ። ለምሳሌ 16 ካሬ በአማካይ 3 ሳንቲ ቢሞላ ግማሽ ሜትር ኩብ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ወደ 5 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶና ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋ በቂሽ ነው። አሸዋውን ሃይላንድ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጪና አሳድሪው። ላዩ ላይ ወፍራም ጭቃ ከተኛ መልሺው። ድብልቁ በእጅሽ ጨብጠሽ ስትለቂው ቅርጹን ይያዝ፣ ውሃ አያንጠባጥብ። ሠራተኛ ለመሳብ እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል። እዚያ ላይ ጠንክሪ፤ ብዙ ስንጥቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከፈሰሰ በኋላ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሺው። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ በርሜሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሙላ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ይወስደዋል፤ ወንድሜ ቤት ቀን ሦስቴ ነበር የምናጠጣው። ደሴ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሲሚንቶው ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ሶፋና ቁም ሳጥን ለመመለስ አትቸኩሉ። ፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ እስኪወጣ በየ1 ሚሊ ውፍረቱ አንድ ቀን ያህል አስቢለት፤ ለ3 ሳንቲ አንድ ወር ነው።

በሩን እንዳትረሺ። ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ይይዛል። ስንት ሳንቲ እንደሚቆረጥ አሁኑኑ ለኪ። ብረት በር ከሆነ ወለሉ ሳይፈስ ነው የሚስተካከለው።

ቁጥሮቹን በጠመኔ ከጻፍሽ በኋላ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልኝ። ጓዳው ጥግ ላይ ያለውን የግድግዳና የወለል መገናኛም ቀረብ ብለሽ አንሺው። ስንጥቁ አዲስ ይሁን አሮጌ አብረን እናየዋለን።