ሰኞ በሁለት ሰዓት ና

ሰሞኑን አንድ ወጣት የእግር ኳስ አሰልጣኝ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ዋናውን ቡድን ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከ17 ዓመት በታች ላሉት ረዳት ሁን አሉኝ። ልተወው?» ሁለት ቀን ሙሉ መልስ መጻፍ አቃተኝ።

ምክንያቱን ልንገርህ። በ1981 ዓ.ም. ክረምት አንድ የፋብሪካ ቡድን ለሙከራ ጠራን። የሄድኩት የአጎቴን ልጅ ታኬታ ተውሼ ነው። ይሰፋኝ ስለነበር ጫፉ ላይ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ የቀደድኩትን ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ። ሳምንቱን ጭቃ ላይ ስንንከባለል ከረምን። ቅዳሜ ጠዋት ስም ዝርዝሩ መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። ዝናብ መትቶት ቀለሙ ፈሷል። ዋናው ቡድን ውስጥ ስሜን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት፣ የለም። ከሥሩ ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ ግን «ተስፋ ቡድን፣ የሥራ ቦታ መጋዘን» ይላል። እኔ ጆንያ ልሸከም! አሰልጣኙ ፊቴን አይተው «ሰኞ በሁለት ሰዓት ና» አሉኝ። ታኬታውን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ አልሄድኩም። እናቴ በሌሊት ተነስታ ቁርስ ሠርታ ጠበቀችኝ። «አልተቀበሉኝም» አልኳት። እስክትሞት ድረስ እውነቱን አልነገርኳትም። በኋላ የስፖርት መምህር ሆኜ 30 ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች አሰለጠንኩ፣ አልከፋኝም። ውሸቴን ነው፣ ከፍቶኛል።

የጃፓኑን አሰልጣኝ ሀጂሜ ሞሪያሱን መቼም ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከናጋሳኪ ትምህርቱን ጨርሶ ሂሮሺማ ወዳለው የመኪና ፋብሪካ ቡድን፣ ወደ ማዝዳ፣ ሲሄድ ከተቀጠሩት ስድስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። የተመዘገበውም በዋናው ኩባንያ ሳይሆን በእህት ኩባንያው፣ በማዝዳ ትራንስፖርት ነው። እሱ ሰኞ ሄደ። ማዝዳ እያሉ ያዩት ሆላንዳዊው አሰልጣኝ ሀንስ ኦፍት በ1992 ለብሔራዊ ቡድን ሲጠሩት ስሙን አስተካክሎ ማንበብ ያቃተው ብዙ ነበር።

በ1993 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኳታር፣ ዶሃ ላይ ጃፓኖች ኢራቅን 2ለ1 እየመሩ በጭማሪ ደቂቃ ከማዕዘን ምት ተቆጠረባቸውና የዓለም ዋንጫው ቀረ። ሞሪያሱ ሜዳ ውስጥ ነበር። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ኒጋታ ወደሚባል ሌላ የጃፓን ቡድን ሄዶ ረዳት ሆነ። ከዚያ ሳንፍሬቼ ሂሮሺማን ይዞ በ2012፣ በ2013 እና በ2015 የጃፓን ሊግን ዋንጫ በላ፣ በ2017 ደግሞ ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ እያለ ለቀቀ። ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው በ2018 የሩሲያው ዓለም ዋንጫ ላይ የብሔራዊ ቡድኑ ረዳት ሆኖ የተቀመጠው። ሦስት ዋንጫ ያለው ሰው፣ ረዳት! የዛሬ ልጆች የሳምንት ኮርስ ወስዳችሁ ፌስቡክ ላይ ስማችሁ ፊት «ኮች» ትጽፋላችሁ። አንተን አላልኩም። ኧረ አንተም ጽፈሃል፣ አይቻለሁ።

በ2022 የዓለም ዋንጫ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ እዚያው ኳታር ጀርመንንም ስፔንንም 2ለ1 አሸነፈ። ከስፔን ጋር አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር የ1993ቱ ትዝ አለኝ ብሏል፤ ልጆቹ ግን ወደኋላ አላፈገፈጉም፣ ኳስ ሊነጥቁ ወደፊት ነበር የሚሮጡት። እኔ ያንን ሳይ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስለ መጋዘኑ በር ነበር የማስበው።

እንግዲህ ሂድ ልልህ ነው። ግን ደግሞ ለምን ብለህ በነጻ ትለፋለህ? ልጄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተወው እለው ነበር። ለመሆኑ ደሞዙ ስንት ነው? እሱን አልነገርከኝም።