ስለ ጠፋ ሰው «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ መጻፍ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ወጣት ከሥራ እንደወጣች ከቀረች ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ጉዳዩን ፖሊስ ቢይዘውም እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። እኔ 7,000 ገደማ ተከታይ ባለው የቴሌግራም ቻናሌ ላይ ያገኘሁትን እየገጣጠምኩ በተከታታይ ስጽፍ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ «ቤይሩት ታይታለች» የሚል ወሬ ጽፌ ነበር። በመጨረሻው ጽሑፌ ግን ስሙን ሳልጠራ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋን መኪና ፎቶ ከነታርጋው አውጥቼ «እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ» ብያለሁ። አሁን ከሰውየው ጠበቃ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ግምት ነው ብዬ ጽፌ እጠየቃለሁ? ያለኝን መረጃ ለፖሊስ እንዴት ልስጥ? የምርመራ መዝገቡን ማየትስ እችላለሁ? ባለቤቷም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶታል።

ምላሽ፦ አዎ፣ ሊጠየቁ ይችላሉ። ፍርድ ቤት የሚያየው ዐረፍተ ነገሩ በምን ቃል እንደተጀመረ ሳይሆን አንድ ተራ አንባቢ ጽሑፉን ሲጨርስ ምን ይዞ እንደሚነሣ ነው። የእርስዎን ተከታታይ ጽሑፍ የጨረሰ ሰው «ያጠፋት እሱ ነው» ብሎ ይነሣል። ስም አለመጥራትዎም አይጠቅምዎትም። ታርጋውን የሚያውቅ ጎረቤት ወይም መኪናውን ጠዋት ጠዋት የሚያስገባ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ማን እንደሆነ ከለየው ሰውየው በስሙ የተጠራ ያህል ነው።

በቀጥታ የሚመለከትዎት ሕግ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ እየደጋገሙ በማሰራጨት ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና ማሳደር እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እርስዎ የጻፉት ደግሞ በተከታታይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ክፍል ለከሳሽ አዲስ ማስረጃ ስለሚሆን ስለዚህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አንድ መስመር እንኳ አይጨምሩ።

የተከታዮችዎ ቁጥርም በሕግ ፊት ትርጉም አለው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ያደርገዋል። ይህ አዋጅ የሚሠራው መረጃው ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን ነው። የሰፈር ወጣት ሰውየው በር ላይ መሰብሰብ ከጀመረ ግን ያ ሁኔታ ተሟልቷል ብሎ መከራከር ለዐቃቤ ሕግ አይከብደውም። አዋጁ እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢ ጥረት ላደረገ ሰው መከላከያ ሰጥቶታል። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ማንን እንደጠየቁ፣ መቼ እንደደወሉና ምን እንደተመለሰልዎት የሚያሳይ ነገር ካለዎት ሳይጠፋ ያስቀምጡት።

በፍትሐ ብሔር በኩል ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 2044 ሌላውን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲዋረድ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ ስሙን ወይም የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ የሚጥልን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። የጻፉት እውነት ነው የሚሉ ከሆነ የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ነው፤ እሱ ንጹሕነቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። የሞራል ካሳው በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ስለተገደበ ብዙዎች ክሱን ይንቁታል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሰውየው በጽሑፍዎ ምክንያት ከሥራ ከተባረረ ወይም ደንበኞቹ ከሸሹት፣ ያጣው ገቢ የሚሰላው ያለ ጣሪያ ነው። ክሱን ለማቅረብም ሁለት ዓመት አለው።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። በመጀመሪያ የጻፉትን በሙሉ ከነቀኑና ከነአስተያየቶቹ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ጠበቃዎ ያለዚያ ሊሠራ አይችልም። ከዚያ ጽሑፉንም ፎቶውንም ያንሡ፤ ሌሎች ያጋሩትን እንዲያነሡም ይጠይቁ። ቀጥሎ በዚያው ቻናል ላይ እርማት ያውጡ። እርማት ሲያወጡ ብዙ ሰው ክሱን እንደገና ይጽፈዋል፤ «እገሌ ገድሏታል ያልኩት ስላልተረጋገጠ…» ሲል ሁለተኛ ጊዜ ስም ያጠፋል። እንዲህ ቢሉ በቂ ነው፦ «ከዚህ በፊት ባወጣሁት ጽሑፍ ላይ የአንድ መኪና ፎቶና ታርጋ ለጥፌ ነበር። የመኪናውን ባለቤት ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ የለኝም። ጽሑፉን አንሥቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ለሰውየው በግል አይደውሉ፤ ሽማግሌም ቢሆን መጀመሪያ በጠበቃዎ በኩል ይሁን። በቀናነት የተደረገ የስልክ ጥሪ «አስፈራራኝ» ተብሎ ሲቀርብ ማየት የተለመደ ነው።

የልጅቷን ፎቶ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 27 ያለ ፈቃድ የሰውን ፎቶ በአደባባይ ማውጣትን ቢከለክልም፣ በቁጥር 28 ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ አስፈላጊ ሲሆን ይፈቅዳል። ስለዚህ ፖሊስና ቤተሰቡ የተስማሙበትን የ«አፋልጉን» ማስታወቂያ መልሰው ቢያሰራጩ ማንም አይከስዎትም። ማስታወቂያው ላይ የሚሰፍረው የመርማሪው ወይም የጣቢያው ስልክ ይሁን እንጂ የእናትየው አይሁን። የቤተሰብ ስልክ የወጣ ዕለት «እኔ ጋ ናት፣ ብር ላኩ» የሚል ሰው መደወሉ አይቀርም። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ እሷ ብቻ የምታውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ በልጅነቷ የምትጠራበትን የቤት ስም፣ መጠየቅና ብር ሳይልኩ ቁጥሩን ለመርማሪው መስጠት ይገባል። ያ የቤት ስም ታዲያ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ መውጣት የለበትም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ለመረጃዎ ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው ቦታ መርማሪው ጠረጴዛ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 11 ማንም ሰው ወንጀል ሲፈጸም ባያይም እንኳ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። በቁጥር 22 ደግሞ መርማሪው የቀረበለትን ጥቆማ ቢጠራጠረውም ምርመራውን ማካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በቅን ልቦና የሰጡት ጥቆማ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ አያስቀጣዎትም፤ የሚያስቀጣው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን መወንጀል ነው።

ጥቆማውን በአንድ ገጽ፣ ቢበዛ በሁለት ይጻፉት። ራስጌው ላይ የልጅቷ ሙሉ ስም፣ የጠፋችበት ቀንና የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ይስፈር፤ ቁጥሩን ከባለቤቷ ያገኙታል። ከዚያ በዓይንዎ ያዩትን፣ ከሰው የሰሙትንና የገመቱትን ሳይቀላቅሉ ለየብቻ ያስቀምጡ። «ማክሰኞ ማታ በሰውየው መኪና ስትሄድ ታይታለች» የሚል ጥቆማ ለመርማሪ ምንም አይፈይድለትም። «ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ የምትሠራ ሴት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ገደማ ነጭ መኪና ውስጥ ስትገባ እንዳየቻት ነገረችኝ። ሾፌሩን አላየችም። የነገረችኝ ከጠፋች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» ብለው ሲጽፉ ግን መርማሪው ማንን ጠርቶ ቃል እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚጠይቅና ትውስታው ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያውቃል። ልብ ይበሉ፣ በዚህኛው አጻጻፍ ውስጥ ባልደረባዋ የለም። በመጀመሪያው ውስጥ ያስገባው ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴት ሳትሆን ወሬውን የገጣጠመው ሰው ነው።

ሰዓትና ቀን ላይ በጣም ይጠንቀቁ። የደኅንነት ካሜራና የስልክ መዝገብ 19፡20 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 1፡20 ነው። አንዱን ምስክር በሀገር ቤት ሰዓት፣ ሌላውን ማስረጃ በስልክ ሰዓት ወስደው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ያልነበረ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል። በርካታ ግምቶች የቆሙት እንዲህ ባለ ክፍተት ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። የካሜራው ሰዓት ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችልም ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ይመዝግቡ።

ፎቶና ቪዲዮ ሲያስረክቡ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ አይላኩ፤ መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበትን ቀንና ቦታ የሚያሳየው መረጃም ይጠፋል። በፋይል መልክ ይላኩ ወይም በፍላሽ ገልብጠው ይስጡ፤ ምስሉ ያለበትን ስልክ ደግሞ አይሽጡ፣ አያጽዱ። መልእክት ከሆነ የላኪው ቁጥርና ቀኑ ሳይቆረጥ ይታይ። ጥቆማውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ቃልዎን በአፍ ከሰጡም የተጻፈው ሲነበብልዎት በጥሞና ሰምተው ይፈርሙ፤ «ይመስለኛል» ያሉት «ነው» ተብሎ ከተጻፈ ከመፈረምዎ በፊት ይታረም። የሚያስፈራዎት ነገር ካለ በከባድ ወንጀሎች ላይ መረጃ የሚሰጡ ሰዎች በምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት ጥበቃ መጠየቅ ስለሚችሉ ይህንኑ ለመርማሪው ይንገሩት።

በምንም መንገድ የማያደርጉት ነገር ቢኖር በሚያውቁት የቴሌኮም ሠራተኛ በኩል የሰውየውን የጥሪ ዝርዝር ማስወጣት ነው። እርስዎም ሠራተኛውም ትጠየቃላችሁ፤ ፍርድ ቤትም ማስረጃውን ላይቀበለው ይችላል። ይህን መረጃ በሕግ የሚያስወጣው መርማሪው ነው። አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የትና መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። እዚህ ግን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አልፏል። ስለሆነም ባለቤቷ በጽሑፍ የሚጠይቀው አንድ ጠቃሚ ጥያቄ «የስልኳ የጥሪ ዝርዝር በወቅቱ ወጥቶ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል?» የሚል ነው።

ዝርዝሩን ሁሉ አደባባይ ማውጣት ምርመራውንም ይጎዳል። መርማሪ አንዳንድ ነገር፣ የለበሰችውን ሻርፕ ቀለም ጭምር፣ ሆን ብሎ ይደብቃል፤ «አየኋት» የሚልን ሰው የሚፈትነው በእሱ ነው። ቀለሙ ቻናልዎ ላይ ከወጣ በኋላ ግን በእውነት ያየና ጽሑፍዎን ያነበበ ሰው አይለዩም። በእንግሊዝ ላንክሻየር እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አንዲት እናት ውሻዋን ይዛ በወንዝ ዳር ስትሄድ ጠፋች። ስልኳ ከሥራ ስብሰባ ጋር እንደተገናኘ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገኘ። ፖሊስ ከመጀመሪያው «ወንዙ ውስጥ ሳትገባ አትቀርም» ቢልም፣ ከሩቅ ቦታ የመጡ ሰዎች መንደሩን አጥለቅልቀው ቪዲዮ ሲቀርጹ ከረሙ፤ ጥርጣሬው ቤተሰቧ ድረስ ደረሰ፤ ፖሊስም ሰዎችን ከአካባቢው ለማራቅ ተገደደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አስከሬኗ በዚያው ወንዝ ተገኘ፤ አሟሟቷን ያጣራው ችሎትም በአደጋ መስጠሟን ወሰነ። ያ ሁሉ የተጠረጠረ ሰው ምንም አላደረገም ነበር።

የምርመራ መዝገቡን ማየት አይችሉም። የቤተሰቡ አባል ያልሆነ ሰው ቀርቶ ባለቤቷም ቢሆን በምርመራ ላይ ያለ መዝገብ አይገለጥለትም። ጉዳዩ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ግን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። በዚሁ ጊዜ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የመውጫ መዝገብ መጠየቁን፣ ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖች በሚመረመሩበት ሆስፒታል መጣራቱን ያስመዝግብ። የመውጫ መዝገብ ላይ አለመገኘቷ ብቻውን ሀገር ውስጥ ናት አያሰኝም፤ በመተማ ወይም በሞያሌ በደላላ የሚወጣ ሰው መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለባለቤቷ የምመክረው ሌላ ነው። ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ማመልከት ይችላል። የሚቀርበው የመጨረሻ መኖሪያዋ በነበረበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። በእጁ የጋብቻ ማስረጃ፣ መጥፋቷ ለፖሊስ መመዝገቡን የሚገልጽ ደብዳቤ ከነቀኑ፣ የመኖሪያ አድራሻዋ ማስረጃና ወሬዋ አለመሰማቱን የሚያስረዱ ምስክሮች ይኑሩት። ውሳኔው ጋብቻውን ያፈርሳል፣ ውርስም ይከፍታል፤ ስለዚህ ካልቸገረው አይቸኩል። የወንጀል ምርመራውን ግን አይዘጋውም፤ ማንም ሰው እንደገደላትም አይናገርም።

የእርስዎ ጽሑፍ ዳግም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ወሬዋ መቼ እንደተሰማ ይጠይቃል፤ ማመልከቻውን የሚቃወም ወገን ካለ ደግሞ «ቤይሩት ታይታለች ተብሎ ተጽፏል» ብሎ የእርስዎን ቻናል ያቀርባል። ስለዚህ ያንን ወሬ ከማን፣ መቼ፣ በምን መልክ እንዳገኙት ጽፈውና ፈርመው ለባለቤቷ ይስጡት። ምንጭ ካልነበረው፣ ምንጭ አልነበረውም ብለው ይጻፉለት።