በምዝገባ ቀን የተፈረመ ፊርማ ለመርፌ አይሆንም

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል እናስተምራለን። አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ቀን ግቢያችን ውስጥ ሆኖ ልጆቹን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሊከትብ፣ ከወላጆች ክፍያ ሊቀበል፣ ለትምህርት ቤቱም ከእያንዳንዱ ልጅ የተወሰነ ብር ሊሰጥ ሐሳብ አቅርቦልናል። ወላጆች በምዝገባ ጊዜ ‹ትምህርት ቤቱ ያመነበትን የጤና አገልግሎት ለልጄ እንዲያሰጥ ፈቅጃለሁ› በሚል ዐረፍተ ነገር ሥር ፈርመዋል። ይህ ይበቃናል? ‹እስከ ዓርብ ካልተቃወማችሁ እንደተስማማችሁ እንቆጥራለን› የሚል ማስታወቂያ ብንልክስ? እናቶቻቸው ዐረብ አገር ሄደው ከአያቶቻቸው ጋር የሚኖሩ ልጆችም አሉን። ለእነርሱ ማን ይፈርማል?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የምዝገባው ፊርማ አይበቃዎትም። የዓርቡ ማስታወቂያም አያድንዎትም። የአያቶቹ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ጅማን ለሚያውቅ ሰው ከሦስቱ የሚከብደውም እርሱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራም ሆነ ሕክምና በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያወጣል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክትባትን አስገዳጅ የሚያደርጉ ሕጎች በዚህ ድንጋጌ አይነኩም። አሳዳሪም፣ ማለትም በሕግ ለልጁ ኃላፊ የሆነው ሰው፣ የሚጠብቀውን ልጅ ለጤናው የሚበጅ ሕክምና የማሰጠት ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ነው። ክትባት ከውርስና ከውል ጋር በአንድ ሕግ ውስጥ ምን ያደርጋል ብለው የሚጠይቁኝ ወጣት ጠበቆች አሉ። ሕጉ ሲወጣ ፈንጣጣ ገና በአገራችን ነበር፤ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ነው።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አስገዳጅ አይደለም፤ በመንግሥት መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥም የለም። ስለዚህ የሚቀርዎት በር የአሳዳሪው ፈቃድ ብቻ ነው። ወላጁ ያንን ፎርም የፈረመው በክፍያ ደረሰኝና በደንብ ልብስ ልክ መካከል ቆሞ ነው። የትኛው ክትባት፣ በማን እጅ፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሰጥ አልተነገረውም። ሰው ያልተነገረውን ነገር ሊፈቅድ አይችልም። መርፌውን የሚወጋው ባለሙያም በሙያው ደንብ የራሱ ግዴታ አለበት፤ አስረድቶ ፈቃድ መቀበል ይጠበቅበታል እንጂ «ትምህርት ቤቱ አስፈርሟል ተብዬ ነው» ብሎ አያመልጥም።

ዝምታን በተመለከተ፣ የዚሁ ሕግ ቁጥር 1682 ለቀረበ ሐሳብ ዝም ማለት እንደመቀበል አይቆጠርም ይላል። ይህ የተጻፈው ለውል ነው። ለጤፍ ግዢ እንኳ ዝምታ ካልበቃ ለልጅ ክንድ እንዴት ይበቃል? ከትምህርት ቤት የሚላክ ወረቀት መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ ከቤቴ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት የልጄን ቦርሳ ሳራግፍ «በአስቸኳይ ተፈርሞ ይመለስ» የሚል ማስታወቂያ ከምሳ ዕቃው ሥር ተጣጥፎ፣ የሽሮ ወጥ ፈስሶበት አገኘሁት። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በእርስዎ አካሄድ ቢሆን ኖሮ እኔ «ተስማምቻለሁ» ማለት ነው።

አሁን ወደ አያቶቹ እንሂድ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ አሳዳሪዎቹ አባትና እናቱ ናቸው። እናት ጅዳ ወይም ቤይሩት መሆኗ ሥልጣኗን አያሳጣትም። ልጁን በየማለዳው እጁን ይዘው የሚያመጡት አያት ደግሞ ፍቅራቸውም ድካማቸውም የማይካድ ቢሆንም፣ ወላጅ በሕይወት እያለ በሕግ ፊት በራሳቸው ሊፈርሙ አይችሉም። መጀመሪያ አባትየውን ይፈልጉ። ትምህርት ቤቶች አያቲቱን ስለለመዱ፣ እዚያው ጅማ ቆጪ ወይም መርካቶ ሰፈር ሥራ ላይ ያለውን አባት ጨርሰው ይረሱታል። አባት ከሌለ ፎርሙን ለእናትየው በስልክ ይላኩላት፤ ፈርማ፣ ከመታወቂያዋ ወይም ከፓስፖርቷ ፎቶ ጋር ትመልስልዎት። ያንን አትመው ከፎርሙ ጋር ያስቀምጡ። የድምፅ መልእክት ከምንም ይሻላል፣ ግን ነገ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት ፊት የሚያስቸግረው እርሱ ነው። በአያት ስም የተሰጠ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ቅጂው ይያያዝ። ወላጆቹ የተፋቱ ከሆነም የፍቺውን ውሳኔ ሳያዩ ከሁለቱ የአንዱን ፊርማ ብቻ አይቀበሉ።

ይህ ሁሉ ካልተሳካ ልጁ አይከተብ። ደሙ የሚፈስስ ልጅ ሲመጣ ፊርማ አይጠበቅም፤ ይህ ግን ለመከላከል የሚሰጥ መርፌ ነው፣ ሌላ ቀን መስጠት ይቻላል።

ክሊኒኩ ከአዲስ አበባ የተቀዳ ፎርም ይዞ ቢመጣና በላዩ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተጠቅሶ ቢያገኙ አይደነቁ። ያ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የሚሠራውም ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ጅማ የምትተዳደረው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነውና ያንን መስመር ያስወጡት። ፎርሙም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት፤ የክሊኒኩ ሠራተኛ ያልሆነ ምስክርም አብሮ ይፈርም።

በፎርሙ ላይ በጉልህ መጻፍ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይህ የግል አገልግሎት ነው፣ የመንግሥት ዘመቻ አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በትምህርት ቤቶች ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በነፃ ነበር የተሰጠው። ወላጅ ጠረጴዛውንና ነጭ ጋውኑን ሲያይ ያ መስሎት እንዳይከፍል።

እርስዎ ልብ ያላሉት የሚመስለኝ ደግሞ «ሁለት ቀን» የሚለው ነው። ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ልጆች ሁለት ክትባት ያስፈልጋቸዋል፤ በመካከሉ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆያል። የመዋዕለ ሕፃናትና የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ክሊኒኩ ሰኞና ማክሰኞ ከትቦ ከሄደ ወላጁ የከፈለበት ሥራ ገና ግማሽ ነው። ውሉ ላይ የመመለሻው ቀን በግልጽ ይጻፍ፣ ክፍያው በሙሉ ቀድሞ አይሰጥ።

ስለ ኃላፊነት ስናወራ ውስጤን የቆረቆረኝ ከእያንዳንዱ ልጅ የሚቀበሉት ብር ነው። ባዶ ክፍልና ጠረጴዛ ያዋሰ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ነው፤ በተከተበ ልጅ ቁጥር ገንዘብ የሚቆጥር ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ጉዳት ደርሶ ክስ ቢመጣ ያ ክፍያ የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል። በእኔ ምክር ይተዉት፤ ክሊኒኩ ያንኑ ከወላጁ ክፍያ ይቀንስ። «ትምህርት ቤቱ ምንም ኃላፊነት የለበትም» የሚለው የፎርሙ ግርጌም ሰው ከራሱ ጥፋት አያድነውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ባለመጠበቁ እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ እርስዎ ደግሞ ክሊኒኩን ሳይመረምሩ በማስገባትዎ ይጠየቃሉ።

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ ከሕንፃው ውጭ እንዲሠራ የሚያስችለው መሆኑንም ከከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ክትባቱ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ ይሁን። በዕለቱ የክትባቱን መያዣ ሣጥን አስከፍተው ቴርሞሜትሩን ይዩ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ብልቃጡ በረዶ ላይ ተጣብቆ ቀዝቅዞ ከተገኘ ይጣላል እንጂ ቀልጦ አይወጋም። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ልጆቹም ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይታዩ፤ ወደ ሜዳ አይለቀቁ። ትኩሳት ያለው ልጅ ይቆይ።

ስም ዝርዝሩን ይጠብቁ። አንድ መምህር በመልካም ሐሳብ «ያልተከተቡ» ብሎ የክፍሉን ስም በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ቢለጥፍ የልጆችን የጤና መረጃ ዘርግቶታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ይመድባል። ፎርሞቹንም ዓመቱ ሲያልቅ አያስወግዱ፤ ከውል ውጭ ለሚነሣ የካሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ጊዜ አለ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ወላጁ ፈርሞ፣ የ8ኛ ክፍሏ ልጅ ግን «አልፈልግም» ብላ ብታለቅስ እጇን አያስይዙ። አገራችን ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የልጁ ሐሳብ እንደ ዕድሜው ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ወላጅዋን ደውለው ይጥሩ። ፎርሟ ያልተመለሰላት ልጅ ደግሞ በዚያን ቀን እንደ ሌላው ቀን ክፍሏ ገብታ ትማራለች፤ በር ላይ የሚያቆማት ሕግ የለም። የክሊኒኩን ውል ከመፈረምዎ በፊት ቢልኩልኝ የክፍያውንና የመመለሻውን ቀን አንቀጾች አይቼ እመልስልዎታለሁ።