የመንገድ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ባቲ ገበያ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያቸው የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ከፍጥነትና ከጎርፍ አንሥቶ እስከ ካሣ ያሉ ጉዳዮችን ያነሣሉ። ሰፊ መልስ የሚሹትን አስፍተን፣ ባጭሩ የሚያልቁትን ባጭሩ መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው አስፋልት ዳር ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ መንገዱን ያቋርጣሉ። በቅሬያችን (በዕድራችን) ተመካክረን በአፈርና በድንጋይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሠራን፤ ብዙም ሳይቆይ አፈረሱብን። ምን እናድርግ? (ከሐረጎ በታች)

መልስ፦ የልጆቻችሁ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳችሁ ይገባናል። ጉብታው መፍረሱ ግን ትክክል ነበር። ፍሬኑ የጋለ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ድንገት ጉብታ ከገጠመው ወይ ሹፌሩ በኃይል ፍሬን ይዞ ተሳቢው ይታጠፍበታል፣ ወይ መኪናው ዘሎ ጭነቱ ይናዳል። በእጅ የሚሠራ ጉብታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ሹፌሩ የመኪናው ሆድ እንዳይመታበት ወደ ጠርዙ ይሸሻል፣ ጠርዙ ላይ የሚሄዱት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ደረጃውን የጠበቀ ጉብታ በመኪናው አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት፣ መሐሉ ላይ ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀስ ብሎ የሚነሳ ቅስት ነው፤ ቀለም ይቀባል፣ የማስጠንቀቂያ ምልክትም ይቀድመዋል። እሱም ቢሆን ለሜዳ መንደር እንጂ ለረጅም ቁልቁለት አይመከርም።

መጀመሪያ የመንገዱን ባለቤት ለዩ። ይህ አስፋልት የፌዴራል መንገድ ስለሆነ ቀበሌውም ወረዳውም በራሳቸው ሥልጣን ምልክት እንኳ ሊተክሉበት አይችሉም። ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ብዙ አቤቱታ ከወረዳ የማያልፈው ከጅምሩ ለማይመለከተው ቢሮ ስለሚጻፍ ነው።

ከዚያ በቁጥር ተናገሩ። «መኪኖች ይበራሉ» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል። በመንገዱ ዳር 100 ሜትር በገመድ ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች በኖራ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው በስልኩ ሰዓት መኪናው ከምልክት እስከ ምልክት የፈጀውን ሰከንድ ይያዝ። 360ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ ፍጥነቱን በሰዓት ታገኛላችሁ፦ 6 ሰከንድ ከሆነ 60 ኪሎ ሜትር፣ 4.5 ሰከንድ ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት፣ አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን አድርጉት። በዚያው ሰዓት ስንት ልጅ እንደተሻገረም ቁጠሩ።

የምትጠይቁትም ነገር ይለይ። ደረቅና ደልዳላ አስፋልት ላይ በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እስኪቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ በ80 ከሆነ ወደ 58 ሜትር ይደርሳል። የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ ደግሞ ይባስ፣ ከዚህ እጅግ ይርቃል። ስለዚህ መሻገሪያው ከላይም ከታችም ቢያንስ ከ100 ሜትር በላይ የሚታይበት ቦታ መሆን አለበት። አሁን ያለው ኩርባ ላይ ከሆነ መጀመሪያ መሻገሪያውን አዛውሩት፤ ይህ ከማንም ፈቃድ አይፈልግም። ዕይታ የሚጋርድ ባሕር ዛፍ ወይም ጎጆ ሱቅ ካለ በስምምነት አንሡ። ከመንገዶች አስተዳደር የምትጠይቁት ደግሞ ከመሻገሪያው በፊት የሚተከል የትምህርት ቤትና የፍጥነት ወሰን ምልክት፣ ጎማ ሲያልፍበት የሚያንገጫግጭ ዝቅተኛ የማስጠንቀቂያ መስመር፣ ከአስፋልቱ ውጪ የተደለደለ የእግረኛ መሄጃ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የቀበሌው ማኅተም፣ የቅሬው ዳኛና የርእሰ መምህሩ ፊርማ፣ የቆጠራው ሰንጠረዥ፣ ፎቶና በቅርብ ያለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቁጥር ይኑረው። ለመንገዶች አስተዳደር የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ አስገቡት፣ ለወረዳው መንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ስጡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ ከቢሮው አትውጡ። መልሱ እስኪመጣ ጠዋትና ቀትር ሁለት አዋቂ ቀይ ጨርቅ ይዘው ልጆቹን በቡድን ያሻግሩ።

ጥያቄ፦ ሰሞኑን አይሱዙ መንዳት ጀምሬያለሁ። ጭኜ ኮምቦልቻ ስደርስ ፍሬኑ ይሸታል። አንዳንዱ ጓደኛዬ «ሞርታ አድርገህ (ከማርሽ አውጥተህ) ልቀቀው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» ይለኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን ምክር አትስማ። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ትወርዳለህ። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ150 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ሞርታ ካደረግህ ሞተሩ ምንም አያግዝህም፤ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) በሙቀት እየሰፋ፣ ተጭኖ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል፣ ሸራውም ይንሸራተታል፣ ፔዳሉን ብትረግጥም መኪናው አይያዝም። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ከዚህም የከፋ ነው፤ የፍሬን ረዳቱም የመሪ ረዳቱም አብረው ይጠፋሉ።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ብትወጣ በምትጠቀምበት ማርሽ ውረድ፤ ከዚያ በላይ አትቀይር። ማርሹን የምታስገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ጋልቦ ከሄደ በኋላ ዝቅ አደርጋለሁ ብትል ማርሹ አልገባ ይልና ሞርታ ላይ ትቀራለህ። የሞተር ፍሬን ካለው ክፈተው። በእግር ፍሬን ፍጥነቱን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንስና ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፣ ሲጨምር ድገም፤ እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። የፍሬን ዘይቱንም አትርሳ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ሲገባው ወደ 140 ይወርዳል፣ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሲፈላ አረፋ ይሠራና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

ከሸተተህ መንገድ ለቀህ ቁምና ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አትድፋ፣ ይሰነጠቃል። ጎማ ሥር ያስደገፍከውን ድንጋይ ስትነሳ አንሥተህ ጣል። ሐረጎ ላይ በሌሊት አስፋልት መሐል የተተወ ድንጋይ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የሞት ወጥመድ ነው፤ ይህን ልማድ ሁሉም ሹፌር ሊተወው ይገባል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት ይሻላል አጭር? (ከደሴ)

መልስ፦ አጭር። ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ዓይንዎ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ይሆንብዎታል። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መሄድም አይበጅም፤ መታጠፍዎን ማንም አያውቅም። ፍሬቻውን ለቆመ መኪና ይተዉት።

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን ጠጠር መንገድ አምና በግሬደር ተጠርጎ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እንደ ወንዝ ተቦርቡሮ አገኘነው። ሕዝቡ ጉልበት አለው፤ ምን እንሥራ? (ከኩታበር)

መልስ፦ መንገዱን የበላው ውሃ ነው፤ መኪናው የተከፈተውን ቁስል ነው ያሰፋው። መጀመሪያ የመንገዱን ጀርባ እዩ። መሐሉ ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ሁለቱ ጎን መውረድ አለበት። አምስት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከመሐል ወደ ጠርዝ ገመድ ወጥሩ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ጠርዙ ላይ ከገመዱ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። መሐሉ ዝቅ ካለ የቱንም ያህል ጠጠር ብትደፉበት የአንድ ክረምት ዕድሜ ነው ያለው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ግሬደሩ ጠርዝ ላይ የሚተወው የአፈር ክምር ነው። ውሃው ወደ ቦዩ እንዳይገባ ይከለክለውና መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። በዶማ ነድላችሁ ክፈቱት፣ ቢቻል ጠቅላላውን አንሡት። ከቦይ የሚወጣውን ደለልም ተመልሶ እንዳይገባ ከቦዩ ቁልቁል በኩል ጣሉት።

ሦስተኛው ክትር ነው፤ ቦዩ ውስጥ አግድም ተሠርቶ የውሃውን ጉልበት የሚሰብር ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ማለት ነው። ተዳፋቱ ከ4 በመቶ ሲበልጥ በጎን ቦይ የሚወርደው ውሃ ወለሉን መቆፈር ይጀምራል። በ5 በመቶ ተዳፋት (በ100 ሜትር 5 ሜትር መውረድ ማለት ነው) በየ20 ሜትሩ፣ በ6 በመቶ በየ15፣ በ8 በመቶ በየ8፣ በ10 በመቶ በየ6 ሜትሩ የድንጋይ ክትር ሥሩ። በተፋሰስ ሥራ የለመዳችሁት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከፍታው ከ20 ሴንቲ ሜትር አለመብለጡ ነው። መሐሉን ከሁለት ጫፎቹ ዝቅ አድርጉት። መሐሉ ከፍ ካለ ውሃው ክትሩን በጎን ዞሮ መንገዱን ይገምሳል፤ በሠፈራችሁ የፈረሱትን ክትሮች ብታዩ አብዛኞቹ የፈረሱት በዚህ ነው። ከክትሩ ሥር ውሃው የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ።

ጉድጓድ ስትሞሉ ልቅላቂውን አውጡ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ከዚያ ጠጠራማ ቀይ አፈር በ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየደፋችሁ ጠቅጥቁ፤ መጨረሻው ከመንገዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ጎማ ያወርደዋል። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ኳስ የሚሆን፣ መዳፍን ግን የማያረጥብ ይሁን። ዋልካ አፈር ፈጽሞ አትጠቀሙ። ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ድንጋይም ጎማ ነቅሎ ያወጣዋል። ቱቦዎቹን ሰኔ ሳይገባ አጽዱ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ መሬቱ እስኪጠነክር ሲኖ እንዳይገባ ከወረዳው ጋር ተስማምታችሁ መግቢያው ላይ መዝጊያ ብታደርጉ የግማሽ ዓመት ሥራችሁን ታድኑበታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒባሱ ከታሪፍ በላይ ያስከፍለናል፤ ብንናገር «ውረዱ» ይለናል። (ከሐርቡ)

መልስ፦ የታርጋ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተሳፈሩበትንና የወረዱበትን ቦታ፣ የከፈሉትን ብር ጽፈው መነሃሪያው ስምሪት ላይ ያመልክቱ። ሁለት ሦስት ተሳፋሪ አብሮ ከፈረመ ክብደት ይኖረዋል። ትርፍ ሰው ከጫነ ግን ብሩን ይተዉና መንገድ ላይ ላለው ትራፊክ ፖሊስ ወዲያው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ለባቲ ገበያ ከብትና ግመል በሌሊት እንነዳለን። መንገዱ የጅቡቲ መኪና የሚበዛበት ነው። (ከደጋን)

መልስ፦ ከተቻለ ጎሕ ሳይቀድ አስፋልት አይንኩ። ካልሆነ ግን ከመንጋው 50 ሜትር ያህል ቀድሞ አንድ ሰው፣ ያን ያህል ወደኋላ ቀርቶ ሌላ ሰው ይሂድ፤ ሁለቱም ባትሪ ይያዙ፣ ብርሃኑን ወደ ሹፌሩ ዓይን ሳይሆን ወደ መሬት እያወዛወዙ ያሳዩ። ነጭ ጋቢ ከጥቁር ካፖርት ብዙ ይሻላል። ከአስር የማይበልጡትን እየለያችሁ በቀጥታ መንገድ ላይ አሻግሩ፤ ኩርባና ድልድይ አጠገብ አታሻግሩ። የግመል ነገር ይለያል፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ትንሽ መኪና ሲመታው ገላው በመስታወቱ በኩል ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በገመድ የተቀጣጠሉ ግመሎች ግማሾቹ ከመንገዱ ወዲህ፣ ግማሾቹ ወዲያ ሆነው ፈጽሞ መቆም የለባቸውም። ሹፌሮችም አንድ በሬ ሲሻገር ካያችሁ ተከታዩ እንዳለ አስቡ፤ ጥሩንባ ያስበረግገዋል፣ ፍጥነት መቀነስ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አዲስ መንገድ በማሳዬ ሊያልፍ ነው። «ለልማት ነው፣ ፈርም» ብለውኛል። (ከቃሉ)

መልስ፦ ሳያነቡ አይፈርሙ። ወረቀቱ መሬቱን በፈቃድዎ እንደሰጡ የሚገልጽ ከሆነ ካሣ መጠየቅ ይከብድዎታል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ የሚከፈለው መሬቱን ከመልቀቅዎ በፊት ነው። ለዘለቄታው ተነሥተው ምትክ መሬት ካልተሰጠዎት የመፈናቀያ ካሣው የሚሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፤ ዛፍ፣ ቤትና በመሬቱ ላይ ያፈሩት ቋሚ ንብረት ለብቻ ይገመታል። ስሕተት የሚበዛው ምዝገባው ላይ ነው። በእኛ አገር በልግም መኸርም ይታረሳል፤ መዝጋቢው የመኸሩን ብቻ ጽፎ እንዳይሄድ ሁለቱንም በየሰብሉ ያስመዝግቡ። የመሬት ደብተርዎን ይዘው ይቅረቡ፣ ልኬቱ ሲካሄድ እዚያው ይገኙ። ቅር ካለዎት ትእዛዙ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑ ካለፈ በሩ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ከመንገዱ በላይ ያለው ተረተር ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። (ከገራዶ)

መልስ፦ ስንጥቁ እንደ ጨረቃ ቅስት ከሆነ፣ ዛፍና ምሰሶ ወደ ታች ካዘነበለ፣ ከግርጌው ያልነበረ ምንጭ ከፈለቀ ተረተሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። የደሴ ዙሪያ ተረተሮች በተበሰበሰ ድንጋይ ላይ ልቅ አፈር የተጫነባቸው ናቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ይሸሻሉ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ተክላችሁ ርቀቱን በየቀኑ ጻፉ። ስንጥቁን ውሃ እንዳይገባው በሸክላ አፈር ጠቅጥቃችሁ ዝጉት፣ ከበላዩ የመቀልበሻ ቦይ አውጡ። ከግርጌው ድንጋይም አፈርም አትቁረጡ፤ ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ካስማዎቹ ከተራራቁ ከሥሩ ያሉ ቤቶች ዝናብ ሳይጥል ይውጡ፣ ለወረዳው ያንኑ ዕለት አሳውቁ።

ጥያቄ፦ አባቴን መኪና ገጭቶት አመለጠ። ታርጋውን ያየ የለም። ሕክምናውን ማን ይከፍላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ። ገጪው ያልታወቀ ወይም የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ሲሆን ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሣ የማግኘት መብት አለው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን ደንግጓል። የድንገተኛ ሕክምናም ገንዘብ የለህም ተብሎ አይከለከልም። ፈንዱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ይባላል። ለዚህ ሁሉ መነሻው የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ነው፤ አባትህ ሐኪም ቤት እያሉም ቢሆን አንድ ዘመድ ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አደጋውን ያስመዝግብ፣ ቦታውን ያሳይ፣ የምስክሮቹን ስም ያስጽፍ። የመኪናውን ቀለምና ዓይነት፣ የሄደበትን አቅጣጫ፣ የተሰበረ የመብራት ስባሪ ካለ እሱንም ለፖሊስ አስረክቡ። ከሐኪም ቤቱ የገባበት ሰዓት የተጻፈበት የሕክምና ማስረጃና እያንዳንዱን የመድኃኒት ደረሰኝ ዋናውን አስቀምጥ፤ ለቢሮ የምትሰጠው ቅጂውን ነው።